የአያቴን ድምፅ ከቬንቲሌተር ጋር ቀረጽኩት

ድሬዳዋ ውስጥ ስልክ እጠግናለሁ። ሱቄ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያስቆምም፤ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ አጉሊ መነጽር፣ አንድ መበየጃ፣ ከላይ ደግሞ ከታኅሣሥና ከጥር በቀር ዕረፍት የማያውቅ ቬንቲሌተር። በዚህ ጠረጴዛ ላይ በየዓመቱ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ንግግር አለ፦ «ስልኩ ይቅር፤ የእናቴ ድምፅ ብቻ ይውጣልኝ።» አንዳንዱ ይወጣል፤ ብዙው አይወጣም።

እኔም ከደንበኞቼ አልሻልም። አባባ የምንለው የእናቴ አባት ከ1947 ጀምሮ እስከ ጡረታው ድረስ በምድር ባቡር ጥገና ክፍል፣ እሱ በፈረንሳይኛው «አቴልዬ» በሚለው ቤት ሠርቷል። በ2001 ሲያርፍ ለእኛ የቀረን ድምፁ 17 ሰከንድ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ላይ አንድ ሰው በስልኩ የቀረጸው ቪዲዮ። የሚናገረውም «ወጡ ጨው በዝቶበታል» ነው። ስለ ባቡር አንድ ቃል የለበትም።

ሴት አያቴ ላይ ይህ እንዳይደገም ብዬ በ2009 ተነሣሁ። አራት ዓመት ቀረጽኳት። ከዚህ በታች የምጽፈው በእነዚያ ዓመታት ያበላሸሁትንና ያቃናሁትን ነው። አያት ያለው ሰው ይጠቀምበት።

«ማን ሞተ?»

አያቴ ያን ጊዜ ሰባ አምስት ዓመቷ ነበር። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ መጋላ ወዳለው ቤቷ ሄጄ ስልኬን ፊቷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ጉሮሮዬን ጠርጌ «እማማ፣ እስኪ የሕይወት ታሪክዎን ይንገሩኝ» አልኳት። በአንድ ዐረፍተ ነገር ሁለት ጥፋት። የመጀመሪያው «ይንገሩኝ» ነው። በድሬ አንቱታ ብዙም አልለመደብንም፤ አያቴን አፌን ከፈታሁ ጀምሮ «አንቺ» እያልኩ ነው ያደግኩት። ቀና ብላ አየችኝና «ማን ሞተ?» አለችኝ። ስለዚህ መቅረጫ ተከፈተ ብላችሁ አነጋገራችሁን አትቀይሩ። አንቱ እያላችሁ ያደጋችሁ አንቱ በሉ፤ አንቺ እያላችሁ ያደጋችሁ አንቺ በሉ። እንደ ጋዜጠኛ ከተናገራችሁ እሷም እንደ ባለሥልጣን ትመልሳለች።

ሁለተኛው ጥፋት «የሕይወት ታሪክ» የሚለው ነው። አያቴ ታሪክ የሚባለው የንጉሥና የጦርነት ነገር ይመስላታል። «ምን ታሪክ አለኝ? ተወለድኩ፣ አገባሁ፣ ስድስት ወለድኩ፣ ሁለት ቀበርኩ፣ ይኸው ነኝ» ብላ ዘጋችው። ቀረጻው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው፤ ሰባቱን ያወራሁት እኔ ነኝ። ማታ በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ደግሞ ከእሷ ይልቅ ጎልቶ የሚሰማው አጠገቧ የቆመው ቬንቲሌተር ነው። ንዝረቱ በወለሉ ሄዶ፣ በጠረጴዛው እግር ወጥቶ፣ ስልኬ ውስጥ ገብቶ ተቀምጧል።

ዕቃ ይዛችሁ ግቡ

ከሦስት ወር በኋላ አልጋ ልብስ አውጣልኝ ብላኝ ከአልጋዋ ሥር ያለውን የብረት ሳጥን ስከፍት አንድ የደበዘዘ ሽርጥ አገኘሁ። «ይሄ ደግሞ የማን ነው?» ብቻ ነው ያልኩት። አያቴ ሳቀች። ስልኬን አወጣሁና «ልቅረጸው?» አልኳት። «ቅረጸው፣ ምን ቸገረኝ» አለች። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ተናገረች።

ለካ አያቴ በ1950ዎቹ መጨረሻ የጅቡቲ ነጋዴ ነበረች። እኛ የምናውቃት ቀፊራ ገበያ ቅመም ስትሸጥ ብቻ ነው። ከድሬ በባቡር ተነሥተው፣ ሽንሌን፣ አዲጋላን፣ አይሻን አልፈው፣ በደወሌ ድንበር ተሻግረው፣ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ጅቡቲ ይገባሉ። ሲመለሱ በዚያ ሙቀት አምስት ቀሚስ ደራርበው ይለብሳሉ፤ ሽርጡን ሆዳቸው ላይ ጠምጥመው እርጉዝ ይሆናሉ። አንድ ፊናንስ ፖሊስ፣ ኮንትሮባንድ የሚይዘው፣ አያቴን ከላይ እስከ ታች አይቶ «አንቺ ሴትዮ፣ ስንት ወርሽ ነው? ባለፈው ዓመትም ይህን ያህል ነበርሽ» አላት። ሳጥኑ ውስጥ የቀረው ሽርጥ የዚያን ቀን «የወለደችው» ነው። እናቴ ይህን ወሬ ስትሰማ የመጀመሪያዋ መሆኑን ስትነግረኝ አፍራ ነበር፤ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሳጥኑን ስትወለውል ኖራ ሽርጡ የማን እንደሆነ ጠይቃ አታውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ እጄን ገብቼ አላውቅም። አንድ ቀን አንድ ዕቃ። የአባባን የብረት ቁልፍ ይዤ ገባሁ፤ ስለ አቴልዬው ጩኸት፣ አባባ ለምን በቀኝ ጆሮው እንደማይሰማ፣ ደመወዝ በሚቀበልበት ቀን ይዞት ስለሚመጣው ዳቦ ተነገረኝ። የደርግ ዘመን የቀበሌ ኩፖን ይዤ ገባሁ፤ ስለ ስኳር ወረፋ፣ ማን ለማን ቦታ እንደያዘ፣ ማን ከማን ጋር እስከ ዛሬ እንደተኳረፈ ሰማሁ። ዕቃ ከሌለ ሽታ ይሠራል፦ ዕጣን አጭሱ፣ ቅመም አሽትቱ። ዕቃውን እጇ ላይ አኑሩትና ዝም በሉ። «ስለዚህ ምን ይሰማሻል?» ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም፤ አያቴ እንዲህ ብላት ኖሮ «ሞቀኝ» ትለኝ ነበር።

ዕቃ ሲያልቅባችሁ መንገድ አለ። እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው ዘዴ ይህ ነው። «ከደቻቱ ድልድይ ተነሺና እስከ ቀፊራ ድረስ በር በሩን ንገሪኝ፤ እዚህ ማን ነበር?» አልኳት። ዓይኗን ጨፈነች። የየመን ዐረቡ ሱቅ፣ የህንዱ ጨርቅ ቤት፣ የግሪኩ ዳቦ ቤት፣ አርመናዊው ሰዓት ጠጋኝ፣ ከእሱ ቀጥላ ዱቤ የምትሰጠው ሴትዮ፣ ከእሷ ቀጥሎ ማንም በማታ የማያልፍበት ግቢ። እየተናገረች በወረቀት ላይ ነጥብ በነጥብ ሣልኩ። አንድ መንገድ ሦስት ቀን ፈጀ። ዓመተ ምሕረት ጠይቄያት ቢሆን አንዱንም አታገኝልኝም ነበር፤ በእግሯ ግን ሁሉንም ታውቀዋለች። አያታችሁ የገጠር ሰው ከሆነ ከቤት እስከ ወንዝ፣ ከወንዝ እስከ ቤተ ክርስቲያን ወይም እስከ መስጊድ አስኪዱት።

መቼ ነበር?

ስለ ዓመተ ምሕረት ካነሣሁ፣ አሮጌ ሰው በቁጥር አያስታውስም፣ በክስተት ነው። «መቼ ነው?» ከማለት «ከጎርፉ በፊት ነው በኋላ?» ማለት ይሻላል። ለእኛ አገር ሰው መወጣጫ የሚሆኑ ቀኖች አሉ፤ በአንድ ወረቀት ጽፋችሁ ኪሳችሁ አድርጉ፦ ጣሊያን የወጣበት 1933፣ የታኅሣሥ ግርግር 1953፣ ንጉሡ የወረዱበትና ትርፍ ቤት የተወረሰበት 1967፣ የሶማሊያ ጦር ድሬ ደጃፍ የደረሰበት የ1969 ክረምት፣ ደርግ የወደቀበት 1983፣ የደቻቱ ወንዝ የሞላበት 1998። በዚህ መሐል የራሷን ልደቶችና ቀብሮች አስገቡ፤ «እናትህ ጡት ላይ ነበረች» ካለች ዓመቱ ተገኘ።

አንዳንዱ ነገር አይገጥምም። አያቴ «ባቡሩ ድሬ ሲገባ ሐዲዱን ያነጠፈው አባቴ ነው» ትል ነበር። ባቡሩ እዚህ የደረሰው በ1895 ነው፤ ተራራውን ወደ ሐረር መውጣት ከባድ በመሆኑ ሜዳው ላይ ቆመ፣ ከተማዋም በእሱ ዙሪያ በቀለች፤ መጀመሪያም «አዲስ ሐረር» ነበር የተባለችው። አባቷ ደግሞ በዚያው ሰሞን የተወለደ ሰው ነው፣ ይህንንም የነገረችኝ እሷው ናት። አላረምኳትም። ቀረጻ ላይ አያቱን የሚያርም ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማው «አንተ ታውቃለህ» የሚለውን ብቻ ነው። በሌላ ቀን «አባትሽ ሐዲድ ላይ ሲሠራ ስንት ዓመቱ ነበር?» አልኳት። «ልጅ ነበር እኮ፤ ለሠራተኞቹ ውሃ ያመላልስ ነበር» አለች። ሐዲዱ አዲስ አበባ እስኪደርስ እስከ 1909 ሥራው አልቆመም፤ ውሃ አመላላሹ ልጅ ከዚያ ጋር ይገጥማል። እኔ ስጽፈው የእሷን ቃል እንዳለ ትቼ፣ የእኔን ስሌት ከሥሩ በሌላ ቀለም አኖርኩ። የልጅ ልጆቼ የትኛውን እንደሚመርጡ የእነሱ ጉዳይ ነው።

በየትኛው ቋንቋ?

ይህ ጥያቄ ለሌላ ከተማ ሰው ትርፍ ሊመስል ይችላል፤ ለድሬ ሰው ግን ዋናው ነው። አያቴ በአማርኛ ትጀምራለች፤ ገበያ ስትገባ ወደ ኦሮምኛ ትዞራለች፤ ባቡር ላይ ስትወጣ ሶማልኛ ታስገባለች፤ ስትሳደብ ዐረብኛ። መጀመሪያ ላይ «እማማ፣ በአማርኛ» እያልኩ እመልሳት ነበር። በመለስኳት ቁጥር ወሬው ይደርቃል፤ ምክንያቱም ያ ሰው ያን ነገር የተናገረው በዚያ ቋንቋ ነው፤ ተተርጉሞ ሲነገር ቀልዱ ይሞታል። ስለዚህ ተዋት፣ ትሂድ። ያልገባችሁን በኋላ ከሚያውቅ ሰው ጋር ሆናችሁ ስሙ። የሙያ ቃላትም እንዲሁ፦ አባባ የጣቢያውን አለቃ «ሼፍ ደ ጋር» ነበር የሚለው፣ አያቴም እስከ መጨረሻው እንደዚያው። «የጣቢያ ኃላፊ» ብዬ ጽፌ ያነበብኩላት ቀን «እሱን ሰው አላውቀውም» አለችኝ።

ዝምታና ጓደኛ

የመጀመሪያዎቹን ቀረጻዎች ስሰማ ያፈርኩት በራሴ ነው። «እህ»፣ «እሺ»፣ «ከዚያስ?» እያልኩ በየቃሉ መሐል እገባለሁ። ከዚያ በኋላ ግን ጭንቅላቴን በመነቅነቅ ብቻ እመልስላት ጀመር። ዝም ስትል ዝም እላለሁ፤ በልቤ እስከ አሥር እቆጥራለሁ። ብዙ ጊዜ ሰባት ላይ ስደርስ ዋናው ነገር ይመጣል። ስለ ሞተው ሁለተኛ ልጇ የተናገረችው በእንዲህ ዓይነት ዝምታ ውስጥ ነው፤ ጠይቄያት አላውቅም።

ብዙ ዘመድ አትሰብስቡ። አጎቶቼ በተገኙበት ቀን የሚሰማው የአጎቶቼ ፖለቲካ ነው። ነገር ግን አንዲት የዕድሜ እኩያ ጎረቤት ጋብዙ። የአያቴን የገበያ ጓደኛ ለቡና ጠርተን ሁለቱ የባቡር ትኬት ስንት ብር እንደነበር ሲጨቃጨቁ የቀረጽኩት ከሁሉም ቀረጻዎቼ ይበልጣል። አንዷ የረሳችውን አንዷ ታነሣለች፤ አንዷ የዋሸችውን አንዷ ትገልጣለች። ቡናው ግን አስቀድሞ ይወቀጥ፤ ሙቀጫና ቀረጻ አይስማሙም።

ሰዓቱንም ምረጡ። አባባ በሕይወት ቢኖር የምቀርጸው ከሰዓት በኋላ በበርጫ ነበር፤ ጫት የሚቅም ሰው ምርቃና ላይ ሲደርስ አንደበቱ ይፈታል። ያን ጊዜ የሚነገረው ቁጥር ሁሉ ግን ለሁለት ቢካፈል መልካም ነው። አያቴ የማለዳ ሰው ነበረች፤ ከአሥራ ሁለት እስከ ሁለት ሰዓት፣ ፀሐይ ሳትበረታ፣ ከቤቱ ወጥተን ግቢው ውስጥ። በዚህ ሰዓት ቬንቲሌተር አያስፈልግም፤ ባጃጁም ገና አልበዛም። ሠላሳ፣ ቢበዛ አርባ ደቂቃ ይበቃል። በመጨረሻ «መርቂኝ» በሉ። ምርቃቷን በየቀረጻው መጨረሻ ይዤዋለሁ፤ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም።

የሚዘጋ በር

«ይህን አትቅረጽ» ካለች አጥፉ። የምር አጥፉ፤ ስልኩን ገልብጦ እያስቀመጡ መቅረጽ ሌብነት ነው። አያቴ ሁለት ጊዜ ብላኛለች። አንዱን ከወር በኋላ ራሷ «አሁን ክፈተው» አለችኝ፤ ሌላኛው አብሯት ተቀብሯል። የተቀረጸም ሆኖ ለሁሉም የማይሆን አለ። አንዲት አክስቴ ከእሷ አባት በፊት አያቴ ሌላ ባል እንደነበራት ከቀረጻ ላይ ሰምታ ለስድስት ወር አላናገረችኝም። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሳላስብ ለቤተሰቡ ሁሉ ልኬዋለሁ። አሁን ሁለት ማኅደር አለኝ፦ «ለሁሉም» እና «ቆይቶ»። የትኛው ወደ የት እንደሚገባ አያቴን ራሷን ጠይቄ ነው የለየሁት። በቀይ ሽብርና በጦርነት ዘመን የሆነ ነገር ሲነሣ፣ በሕይወት ያሉ ሰዎች ስም ሲጠራ፣ ይህ ጥንቃቄ እጥፍ ይሁን።

መርሳት ለጀመሩ አያቶች ደግሞ «ታስታውሻለሽ?» የሚለው ቃል ይቅር። ፈተና ነው። የአያቴ ታላቅ እህት ቁርስ መብላቷን ትረሳ ነበር፤ በልጅነቷ ለታናናሾቿ ያንጎራጎረችውን እሹሩሩ ግን ከዳር እስከ ዳር ትወጣዋለች። የዘፈኑን መጀመሪያ እኔ ጀመርኩ፣ እሷ ተቀበለችኝ። አንድ ታሪክ አምስት ጊዜ ብትደግም አምስቱንም ያዙ፤ በአራተኛው ላይ ያልነበረ ስም በአምስተኛው ብቅ ይላል።

ስልኩን በተመለከተ

እዚህ ላይ ሙያዬ ነውና ልዘርዝር። ልዩ መሣሪያ አትግዙ፤ ኪሳችሁ ያለው ስልክ ይበቃል። የኮሌታ ማይክ ካላችሁ ጥሩ፤ ከሌላችሁ ስልኩን የታጠፈ ነጠላ ወይም ትራስ ላይ አስቀምጡት፣ ከአፏ አንድ ክንድ ያህል ቢርቅ ነው። ባዶ ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጡ፤ የእኔን ቬንቲሌተር አስታውሱ። ስልኩን ወደ በረራ ሁነታ ቀይሩት፤ በብዙ ስልኮች ላይ ጥሪ ከገባ ቀረጻው ይቋረጣል። ባትሪው ሙሉ ይሁን፤ የድሬን መብራት ታውቁታላችሁ። አንድ ደቂቃ ሞክራችሁ በጆሮ ማዳመጫ ስሙና ከዚያ ጀምሩ።

በመቅረጫው ማስተካከያ ውስጥ የጥራት ምርጫ አለ፤ ከፍተኛውን ምረጡ። በተለመደው የታመቀ ዓይነት አንድ ሰዓት ድምፅ 60 ሜጋባይት ያህል ይይዛል፤ ያልታመቀው ዋቭ የሚባለው በአንድ ማይክ ከ300 ሜጋባይት ይበልጣል። ቦታ ካለ ዋቭ ይሻላል፤ ከሌለ የታመቀው ምንም አይልም። ሲጀመር ለማሽኑ ተናገሩ፦ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ማን እንደሆነችና ማን እንደሚጠይቅ። ከሃያ ዓመት በኋላ የሚሰማው ሰው ድምፃችሁን ላያውቀው ይችላል። ለፋይሉ ስም ስትሰጡ ዓመቱን አስቀድሙ፣ ከዚያ ወሩን፣ ከዚያ ቀኑን፣ ከዚያ የሚነገረውን ነገር፤ እንዲህ ሲሆን በተርታ ይሰለፋሉ። አንድ ማሳሰቢያ፦ ስልኩ የሚጽፈው የፈረንጁን ቀን ነው፣ እናንተ የምታስቡት በእኛ። አንዱን ምረጡና በእሱ ጽኑ። እኔ መጀመሪያ ላይ ሁለቱን ቀላቅዬ አያቴ ከሞተች በኋላ የተናገረች የሚመስል አንድ ፋይል ነበረኝ።

ማስቀመጥን በተመለከተ፣ አንድ ቅጂ ብቻ ካላችሁ የላችሁም ብዬ ነው የምቆጥረው። ሦስት ይሁኑ፤ ሁለቱ በተለያየ ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ። የእኔ አንዱ ኮምፒውተሬ ላይ፣ አንዱ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ አዲስ አበባ ያለች እህቴ ጋ ነው። ፍላሽ ዲስክ ለማጓጓዣ እንጂ ለማኖሪያ አይሆንም፤ መሳቢያ ውስጥ ዓመታት ተቀምጦ የሞተ ብዙ አይቻለሁ። ሚሞሪ ካርድ ስትገዙ ተጠንቀቁ፦ ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን ከዚያ ሩቡን እንኳ የማይዝ የሐሰት ካርድ ገበያው ላይ አለ። የያዘ ይመስላል፤ ሲከፈት ፋይሉ ባዶ ነው። ስትገዙ እስኪሞላ ድረስ በማያስፈልግ ቪዲዮ ሙሉትና መልሳችሁ ክፈቱት፤ የመጨረሻው ቪዲዮ ከተከፈተ እውነተኛ ነው። ቴሌግራም ላይ ማኖርም ይቻላል፤ ፎቶን ግን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለበለዚያ ይጨመቃል። ለረጅም ጊዜ ያልተከፈተ አካውንት ራሱን እንደሚሰርዝም አትርሱ።

ጽሑፍ ላይ ማውጣቱ አድካሚ ነው። አንድ ሰዓት ድምፅ ለእኔ ስድስት ሰዓት ፈጀብኝ። ሁሉንም መጻፍ ግዴታ አይደለም፤ በየደቂቃው ምን እንደተነገረ አንድ አንድ መስመር ብቻ ያዙ፣ «12ኛው ደቂቃ፣ ፊናንሱ» እያላችሁ። ሙሉ በሙሉ የሚጻፈውን ከዚያ ትመርጣላችሁ።

አሮጌ ካሴት ካላችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ገልብጡት። በ1970ዎቹና በ80ዎቹ ከጅቡቲና ከዐረብ አገር ደብዳቤ በካሴት የሚላላክ ቤተሰብ ብዙ ነበር፤ የእኛም ቤት ነበር። ከማጫወታችሁ በፊት ከጀርባው ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ምላሶች ስበሩ፤ ከዚያ በኋላ በስሕተት አይቀረጽበትም። አንዴ እስከ ዳር አዙራችሁ መልሱት፣ ክሩ እንዲላቀቅ። ሐረር ጁገል ውስጥ ያለው የሸሪፍ ሙዚየም የተነሣው አንድ ሰው በቤቱ አሮጌ ጽሑፍ፣ ሳንቲምና የሐረሪ ዘፈን ቀረጻ ከማሰባሰቡ ነው፤ የካሴት ሳጥናችሁን ቆሻሻ የሚል ዘመድ ካለ ወስዳችሁ አሳዩት።

ፎቶግራፍ

የእኛ አልበም ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ደቻቱ ሲሞላ ከውሃው ሥር አደረ። ያን ሌሊት ሰው ባለቀበት ከተማ ስለ ፎቶ ማዘን ነውር መስሎን ብዙም አላወራንበትም። ግን ያጠፋነው እኛ ነን። የተጣበቁትን በጥፍር አላቀቅናቸው፣ የቀሩትን ፀሐይ ላይ አሰጣናቸው፤ የአባባ ፊት ከጎኑ ባለው ፎቶ ጀርባ ላይ ቀረ። ማድረግ የነበረብን ይህ ነው፦ ሳይደርቁ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክሮ፣ እዚያው ውሃው ውስጥ ቀስ ብሎ ማለያየት፣ ፊታቸውን ወደ ላይ አድርጎ ጥላ ውስጥ ጨርቅ ላይ ማድረቅ። ጊዜ ከሌለ በላስቲክ ጠቅልሎ በረዶ ቤት ማስገባት፤ እዚያ ወራት ይቆዩላችኋል።

ደህና የሆኑትን ዛሬውኑ በስልክ አንሧቸው፦ መስኮት አጠገብ፣ ጥላ ውስጥ፣ ፍላሽ አጥፍታችሁ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ። ከመስተዋት ጋር የተጣበቀ ፎቶ አትላጡ፤ ከነመስተዋቱ አንሡት። ጀርባው ላይ ስም የምትጽፉት በለስላሳ እርሳስ ነው፤ የእስክሪብቶ ቀለም ወደ ፊት ያልፋል። አያታችሁ ፎቶውን ይዛ ስትናገር ደግሞ ቅረጹ፤ «ይቺ ከኋላ ግማሽ ፊቷ የሚታየው...» ብላ የምትጀምረው ነገር ከመሐል ከቆሙት ሁሉ ይበልጣል።

ድምፁ የተበላሸ ስልክ ውስጥ ከሆነ

ይህን ሁሉ ሳያደርጉ ለቀሩ ሰዎች አንድ የመጨረሻ ክፍል አለኝ። ስልኩ ውሃ ከገባበት አጥፉት፤ ይሠራ እንደሆነ ብላችሁ አታብሩት፣ ከሁሉ በላይ ቻርጀር አትሰኩበት። ሩዝ አያድነውም፤ ቶሎ ከፍቶ የሚያጸዳ ሰው ያድነዋል። ጠጋኝ ጋ ስትደርሱ «ስልኩን ሥራልኝ» አትበሉ፤ «ውስጡ ያለውን አውጣልኝ» በሉ፣ ሁለቱ የተለያየ ሥራ ነው። ሶፍትዌር ልጫንልህ ያለ ሰው ስልኩን አድኖ ድምፁን ያጠፋላችኋል። የቅርብ ዓመታት ስልኮች ውስጣቸው ያለውን ቆልፈው ነው የሚያስቀምጡት፤ ሚሞሪውን ነቅሎ ሌላ ላይ መግጠም አይሠራም፣ ያው ቦርድ ራሱ ነፍስ መዝራት አለበት። የመክፈቻውንም ቁጥር እወቁ። የሟች ስልክ በትክክል ተጠግኖ ቁጥሩን የሚያውቅ ጠፍቶ የቀረ አለ።

ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ አንዲት ሴት ማያው የረገፈ ስልክ ይዛ መጣች። ሁለት ቀን ታገልኩት። የወጣው የእናቷ የድምፅ መልእክት አርባ ሰከንድ ነው፦ ስትመለሺ ሽንኩርት ግዢ፣ ትልልቁን አይደለም፣ ትንንሹን፣ ባለፈው ያመጣሽው ብስባሽ ነበር። ቆማ ሦስት ጊዜ ሰማችው። እኔ ሦስት ቅጂ አድርጌ አንዱን በስልኳ፣ አንዱን በፍላሽ፣ አንዱን ወደ ወንድሟ ላክሁላት። ሂሳቧን ከፍላ ስትወጣ የተሰበረውን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ረስታዋለች። እስከ ዛሬ መሳቢያዬ ውስጥ አለ።